አሥር ደቂቃ በነፃ

ቤቭን ከአምስት ዓመታችን ጀምሮ አውቃታለሁ። እንግሊዝ አገር፣ ሃርትልፑል ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው፤ እነሱ ቤት ቧንቧ ሲከፈት እኛ ቤት ይሰማ ነበር። ፀጉሯ ቀይ ነው፣ እሳት የመሰለ። ቆዳዋ ደግሞ ከሥሩ ደም ሥሩ እስኪቆጠር ድረስ ነጭ፣ በላዩ ላይ ጠቃጠቆ የፈሰሰበት። ትምህርት ቤት «የወተት ጠርሙስ» ይሏታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ እንዲህ ብሎ ሲጠራት ቦርሳዬን ፊቱ ላይ ወርውሬ ጥርሱን አነቃነቅሁበት፤ ሦስት ቀንም ከትምህርት ታገድኩ። ይህን የምናገረው ደግ ነበርኩ ለማለት አይደለም። ኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ ከየት ተነስቼ የት እንደወረድኩ እንድታውቁት ነው።

ስሜ ጌይነር ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ባለ መብራት አልጋ ላይ ተኝቶ ቆዳውን የሚያጠይምበት፣ የማጠየሚያ ቤት አለኝ። አራት የፀሐይ አልጋዎች፣ አንድ ጠባብ መቀበያ፣ ከኋላ ደግሞ ፎጣ የሚታጠብበት ክፍል። ከባሌ ስለያይ የከፈትኩት ቤት ነው። ግድግዳውን የቀባነው እኔና ቤቭ ነን፣ በሦስት እሁድ። እሷ ግን አንድም ቀን አልጋው ላይ ተኝታ አታውቅም። «እኔ እዚህ ውስጥ ከገባሁ፣» ትል ነበር ብሩሹን እየነከረች፣ «ዓሣ ጠባሹ ቤት ወስዳችሁ ከድንች ጋር ሽጡኝ።» እውነቷን ነው። ቤቭ በመስኮት በገባ ፀሐይ የምትቀላ ሰው ናት።

በእኛ ከተማ ሳይጠይም ሠርግ የሚሄድ ሰው ፀጉሩን ሳያበጥር እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራ አልጎደለብኝም። በዘጠነኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ትልቅ ቤት ተከፈተ። በየክፍሉ ሙዚቃ አለው፣ ወንበሩ ሁሉ አዲስ ነው። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደዚያ ተሻገሩ። የገዛ አክስቴ ልጅ እንኳ አንድ ቀን ፊቷ እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠይሞ ከዚያ ስትወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ዞር ብላ የጫማ ቤት መስኮት ማየት ጀመረች። የወንድ ጫማ ነበር።

ምን ላድርግ? መጀመሪያ «ለአዲስ ደንበኛ አንድ ቀን በነፃ» ብዬ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። መጡ፣ ተኙ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። አንዷ እንዲያውም በሦስት ስም ሦስት ጊዜ መጣች።

«ዛሬ ደግሞ ማን ነሽ?» አልኳት በሦስተኛው።

«ዛሬ ዳያን ነኝ።»

«ዳያን፣ ባለፈው ሳምንት የረሳሽው የጆሮ ጌጥ ይኸው።»

አፍራ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ተቀብላኝ ገባች።

ቀጥሎ «ጓደኛሽን ይዘሽ ነይ፣ ሁለታችሁም በግማሽ ዋጋ» አልኩ። እናቶች ገና አሥራ ስድስት ያልሞላቸውን ልጆቻቸውን እየጎተቱ መጡ። ከአሥራ ስምንት በታች ሕጉ አይፈቅድም፤ በር ላይ ስጨቃጨቅ ዋልኩ። የተረፈኝ ጭቅጭቁ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው በራሪ ወረቀቱ የመጣልኝ። አንድ እሁድ ከሰዓት ኮምፒዩተሬን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ፎቶ ያስፈልገኝ ነበር፤ አንዱ ከመጠየም በፊት፣ ሌላው ከጠየሙ በኋላ። የኋለኛውን ወዲያው አገኘሁ፤ አሸዋ ላይ የተዘረጉ ረጃጅም ጠይም እግሮች። የፊተኛው ነው ያስቸገረኝ። ለሽያጭ በቀረቡት ፎቶዎች ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ነጭ ሆነውም ያምሩ ነበር። እነሱን አይቶ ማን ደንግጦ ወደ እኔ ይሮጣል?

ስልኬን አነሳሁ። ባለፈው ዓመት ከቤቭ ጋር ለእረፍት ቴነሪፍ ደሴት ሄደን ነበር። እዚያ ያነሳኋት አንድ ፎቶ አለ፤ ጃንጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጥላ፣ እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ። እኔ በተናገርኩት ነገር አፏን ከፍታ እየሳቀች ነው። ፎቶውን ከአንገቷ በታች ቆረጥኩት።

ፊቷ ሲወጣ ሳቋም አብሮ ወጣ። የቀሩት ሁለት ወፍራም ነጫጭ እግሮች ነበሩ፣ ፀሐይ የነካቸው ቦታ ቀላ ቀላ ያሉ። ፊት ከሌለው ማን ያውቃታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በግራ ቅልጥሟ ላይ ግን ባቄላ የሚያህል ቡናማ ምልክት አለ፤ ማርያም የሳመቻት ነው። አየሁት። በአንድ ጣት ላጠፋው እችል ነበር። አላጠፋሁትም። ለምን ብትሉኝ፣ ምልክቱ እግሩን ይበልጥ አስቀያሚ አደረገልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከፎቶው በላይ «ዘንድሮም እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ «ይህን ወረቀት ይዘሽ ነይ። አሥር ደቂቃ በነፃ።» ለጀማሪ አሥር ደቂቃ እንደሚበዛ አውቃለሁ። አምስት ብዬ ብጽፍ ግን ማን ይመጣል? በሁለት ቀን ከፍለን እንሰጣቸዋለን አልኩ። ሦስት ሺህ አሳትሜ በየበሩ የፖስታ ቀዳዳ አስገባሁት።

እንደዚያ የሠራልኝ ነገር በሕይወቴ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን አልቻልኩትምና ግሌኒስ የምትባል ሴት ቀጠርኩ። ስልሳ የተጠጋች፣ የምትሠራበት ዳቦ ቤት የተዘጋባት፣ ሰውን ሁሉ «አበባዬ» እያለች የምትጠራ ሴት ናት። የገባው ሁሉ ወረቀቱን ይሰጠናል፤ እኛም መሳቢያ ውስጥ እንጥለዋለን። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር የቤቭ እግር በቤቭ እግር ላይ ተደራርቦ አየዋለሁ።

ደንበኞቹ ወረቀቱን ሲያቀብሉ አንድ ነገር ሳይሉ አያልፉም።

«መቼም እኔ ይቺን አላክልም አይደል?»

«ሴት ናት ወይስ ሻማ?»

«ምስኪን፣ ይህን ተሸክማ ባሕር ዳርቻ ወጥታለች እኮ።»

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ደንበኛ ሲቀልድ ይሳቃል።

ቤቭ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ናት የምትሠራው፤ ምሳ ለልጆቹ ታወጣለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ መምህራን ሲያንሱ ልጆቹን ይዛ መዋኛ ትወርዳለች። ስለዚህ እግሯን ልጆቹ ያውቁታል። ያን አላሰብኩትም። ወይም አስቤው አልፌዋለሁ፤ አሁን ሁለቱን መለየት ያቅተኛል።

የሆነውን የሰማሁት ከግሌኒስ ነው። የልጅ ልጇ እዚያ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። አንድ ጠዋት አልጋ እየወለወለች፣ ወሬ ለማድመቅ ያህል ነው ያነሳችው።

«የኛን ወረቀት ልጆቹ ምሳ የሚወጣበት መስታወት ላይ ለጥፈውት ነበር አሉ።»

«ለምን?»

«ምሳ የምታወጣው ሴትዮ እግር ነው ብለው። እግሯ ላይ ምልክት አላት አሉ፣ ልክ እንደዚሁ። ወጥ ለመቀበል ሲሰለፉ እየተንጫጩ ‹ዘንድሮም እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው› ይሏታል። ልጅ ጨካኝ ነው። ሴትዮዋ ይኸው በዚህ ሙቀት ጥቁር ስቶኪንግ አድርጋ ነው ሥራ የምትገባው።»

«ማን ናት?» አልኩ። እያወቅሁ።

«ቤቭ የምትባል። ታውቂያታለሽ?»

«በዓይን ነው የማውቃት፣» አልኳት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት። በዓይን ነው የማውቃት አልኩ፣ ከዚያ የመወልወያውን ጠርሙስ ተቀብያት መስታወቱን መወልወል ጀመርኩ።

ቤቭ ሐሙስ ማታ ሳትደውልልኝ ቀርታ አታውቅም ነበር። ያ ሐሙስ አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። እኔም አልደወልኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝም ነበር፣ በእሷ እግር። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ አየኋት። ሰው ሁሉ እጀ ጉርድ ለብሷል፣ እሷ እንደተባለው በጥቁር ስቶኪንግ። መኪናዬን ወደማልፈልገው መንገድ ጠምዝዤ ሄድኩ። አይታኝ እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ኋላ ክፍል ፎጣ እያጣጠፍኩ፣ ማድረቂያው እየዞረ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁ።

«ደህና ነሽ አበባዬ፣ ምን ልርዳሽ?» አለቻት ግሌኒስ።

«ይህን ይዤ መጥቻለሁ። አሥር ደቂቃ በነፃ ይላል።»

«ይላል እንጂ። ከዚህ በፊት ተኝተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይህን ሙይልኝ። ቶሎ የሚያቃጥልሽ ከሆነ፣ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ እንዲህ እንዲህ ይጠይቅሻል። በእውነት ነው የሚሞላው፣ እሺ?»

እስክሪብቶው ሲጫር ይሰማኛል ብል አታምኑኝም፤ ማድረቂያው እየጮኸ ነበርና። የተሰማኝ ግን መሰለኝ። ፎጣ በእጄ እንደያዝኩ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ።

ግሌኒስ ገባች። በሩን በስተኋላዋ መለሰችው።

«ጌይነር፣ አንዲት ሴት መጥታለች። ፀጉሯ እሳት ነው፣ ፊቷ ጠቃጠቆ ብቻ። ቅጹ ላይ ሁሉንም ‹የለም፣ አያቃጥለኝም› ብላ ነው የሞላችው። እኔ ግን ዓይን አለኝ። ልመልሳት አይደል?»

ትክክለኛውን ነገር እሷው ተናግራልኛለች። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ «አዎ» ብቻ ነበር። ግን ብትመልሳት ቤቭ ለምን ትላለች። ባለቤቷን ጥሪልኝ ትላለች። ከዚያ እኔ በዚያ በር ወጥቼ ፊቷ ላይ መቆም አለብኝ፣ በመካከላችን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያ ወረቀት።

«እኔ የለሁም በያት፣» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ላስገባት ወይስ ልመልሳት?»

«ፈርማለች?»

«ፈርማለች።»

«እንግዲያው አስገቢያት።»

«ለሁለት ቀን እንክፈለው ስላት አልፈልግም ብላለች። ሙሉ አሥሩን ዛሬ ነው የምትለው።»

«ወረቀቱ አሥር ነው የሚለው፣» አልኳት።

ግሌኒስ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ሥራውም ያስፈልጋት ነበር። ወጣች።

ሁለት ቁጥር ክፍል ውስጥ ማሽኑ ተነሳ። ከቆምኩበት እስከዚያ በር ስድስት እርምጃ ነው። የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲሆን አሁን ልሂድ አልኩ። አምስት ሲሆን እጄን የበሩ እጀታ ላይ አደረግሁ። ልብሷን አውልቃ ነው ያለችው፣ እንዲህ ሆና ባገኛት የባሰ ታፍራለች፣ ልብሷን ስትለብስ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ማሰቤ ነበር እንግዲህ። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«አመሰግናለሁ፣» ስትል ሰማኋት።

«ውሃ ጠጪ አበባዬ። ክሬምም ተቀቢ፣ እሺ? ብዙ ተቀቢ።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ሄደች። እኔ የቀሩትን ፎጣዎች አጣጠፍኩ። ሁሉንም ጨረስኳቸው።

በማግስቱ ባሏ ኪት መጣ። ኪት የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሰው። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

«ቤቭ ስታስመልስ ነው ያደረችው። እግሯም ሆዷም ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ሲላት ራሴ ነኝ አለችው።»

«ኪት...»

«አንቺ አልነበርሽም አሉ፣» አለና ወደ ግሌኒስ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያስገባሻት? ፀጉሯን አላየሽም?»

ግሌኒስ እኔን አየች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ኪት ለማዘጋጃ ቤት እንደሚያመለክት ነግሮን፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ። ከሦስቱ ደንበኞች ሁለቱ ተነስተው ተከተሉት።

ግሌኒስ ቦርሳዋን ከማንጠልጠያው አወረደች።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አቃጥዬ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ምድጃ ሥር ስሠራ አንድ ዳቦ እንኳ አቃጥዬ እንደሆነ ጠይቂ።»

«አውቃለሁ።»

«ልመልሳት ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ታዲያ ለእሱ ይህን መንገር ምን ያህል ይከብዳል?»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቭ ቤት ሄድኩ። ለቃጠሎ የሚሆን ክሬም ይዤ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ክሬሙ ራሱ አሳፈረኝና ኪሴ ከተትኩት። የከፈተልኝ ኪት ነው።

«ልታይሽ አትፈልግም ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣» አለ። «ግን ትግባ ብላለች።»

መጋረጃው ግማሹ ተዘግቷል። ቤቭ ሶፋው ላይ አንሶላ ተነጥፎላት ተጋድማለች፤ እግሮቿ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጥሏል። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ደግሞ መቀመጤ ትክክል አልመስል አለኝና ተነሳሁ።

«ተቀመጪ፣ አንገቴን አታሳምሚኝ፣» አለች።

ተቀመጥኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣» አልኩ። «ፎቶውን...»

«ፎቶውንማ ይቅር የምልሽ ይመስለኝ ነበር። የተናደድኩት በሌላ ነው፤ ያን ቀን እየሳቅሁ ነበር አይደል? ሳቄን ቆርጠሽ ጣልሽው።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ክሬም ጨበጥኩት።

«ለምን እንደመጣሁ አትጠይቂኝም?»

«ልታሳፍሪኝ።»

«አይደለም። ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ለመናገር ያሳፍረኛል።» ዓይኗን ወደ ጣራው አነሳች። «ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ እውነት ነው እኮ አልኩ። እኔም ይቺን ሴት መንገድ ላይ ባያት፣ ሂጂና የሆነ ነገር ሁኚ እላት ነበር። ልጆች በነበርን ጊዜ ሁሉም ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፣ ጌይነር። አንቺ ስላላልሽው አላመንኩም። አንቺ ስትዪው ግን አመንኩ።»

ማልቀስ ከጀመርኩ እሷ ልታጽናናኝ ነው። ስለዚህ ጥርሴን ነከስኩ።

«ሁለተኛውስ?» አልኩ።

«መኪናሽ ደጅ ቆሞ ነበር። ማድረቂያውም ሲዞር ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ስትገባ፣ በቃ አሁን ትወጣለች አልኩ። ትወጪና ‹አንቺ እብድ፣ ውጪ ከዚህ› ትይኛለሽ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ብቻዋን ተመለሰች። ገብቼ ልብሴን ሳወልቅም እየጠበቅሁሽ ነበር። ተኝቼ፣ ክዳኑ ወርዶብኝ፣ ሰውነቴ መንዘር ጀምሮ፣ አሁን ትከፍተዋለች እያልኩ ነበር። ለመነሳት አስቤያለሁ። ግን ከተነሳሁ እኔ ነኝ የተነሳሁት፤ አንቺ አልመጣሽም ማለት ነው።»

እጄ እጀታው ላይ እንደነበር ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተውኩት። ሲነገር አዘኔታ መለመን ነው የሚመስለው። የሚከብደውን ነገርኳት።

«ሴትዮዋ ልመልሳት ብላኝ ነበር፣ ቤቭ። አስገቢያት ያልኳት እኔ ነኝ። አሥሩንም ስጫት ያልኩ እኔ ነኝ።»

ይህን አታውቅም ነበር። እስከዚያ ድረስ ፈርቼ የተደበቅሁ ብቻ ነበር የመሰላት። አየሁት፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ።

«ኪት በሴትዮዋ ነው የተናደደው፣» አለች በመጨረሻ። «ሂጂና ንገሪው።»

ኪት ኩሽና ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ኩባያ ያጥብ ነበር። ነገርኩት። ሳይዞር ኩባያውን ጨርሶ አጠበ፣ አለቀለቀው፣ ደፋው።

«ውጪልኝ፣» አለ። ልክ «በሩ በዚህ በኩል ነው» እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ተቆጣጣሪ ወጣት ሴት ነበረች፤ ግሌኒስንም አስጠርታታለች። ግሌኒስ የደህና ቀን ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንደ ተከሳሽ። ተቆጣጣሪዋ ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእሷ ስታቀርብ ጣልቃ ገባሁ።

«እሷ ልትመልሳት ነበር። እኔ ኋላ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አስገቢያት ያልኩ እኔ ነኝ።»

«ደንበኛዋን አይተዋት ነበር?» አለችኝ።

«አላየኋትም። ግን አውቃታለሁ። እንደምትቃጠል አውቅ ነበር።»

«እንዴት አወቁ?»

«የልጅነት ጓደኛዬ ናት።»

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ ጻፈች። ግሌኒስ ሲወጡ አጠገቤ ስታልፍ «ዘገየሽ እንጂ ተናገርሽ» አለችኝ። አበባዬ አላለችኝም። ወደ ሥራ ተመለሽ ብዬ ደብዳቤ ጽፌላት ነበር፤ መልስ አልሰጠችኝም፤ አሁን አንድ የአበባ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች።

ቤቱ ለአንድ ወር ታሸገ። በዚያ ወር መሳቢያውን አውጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለአራት ለአራት ቀደድኳቸው፤ እንዳሉ ብጥላቸው ሰው ቆሻሻ ውስጥ አንስቶ ያየዋል ብዬ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። የቀሩት ግን በየሰው ቤት ነበሩ፤ ስከፍት ይዘዋቸው መጡ።

«ቅናሹ አብቅቷል፣» አልኳት የመጀመሪያዋን።

«እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይላል እኮ።»

«ይላል። ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የሌላ ሰው ፎቶ ነው፤ ሳላስፈቅድ ነው ያወጣሁት።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ታዲያ ፊቷ የለ፣» አለች። ለእኔም አንድ እሁድ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አልመለስኩላትም። ኋላ ኢንተርኔት ላይ አጭበርባሪ ናት ብላ ጻፈችብኝ፤ ብዙ ሰውም ልክ ነሽ አላት። እስከዛሬ አለ፣ አላስጠፋሁትም።

ቤቭ ለመስከረም ዳነች፤ ሆዷ ላይ ግን እጅ የሚያህል ቦታ ቆዳው እንደ ድሮው አልሆነም አሉ። አሉ ነው የምለው፤ ሐሙስ ሐሙስ ስልኬ አይጮህም። ጥቅምት ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት ተገናኘን። ክፍት የነበረው ከእሷ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ያለው ነበርና እዚያ ተቀመጥኩ። ልጇ መንጃ ፈቃድ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ እንደወደቀች ነገረችኝ፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራው ያህል፣ ከዚያ ሳያልፍ።

«እናትሽ እንዴት ናት?» አለች።

«ዳሌዋን ያማታል።»

«ሰላም በያት።»

ስሟ ተጠራና ገባች።

ማታ እናቴ ዘንድ እራት ስንበላ ቤቭ ሰላም ብላሻለች አልኳት። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤቭን ከእኔ እኩል ነው ያሳደገቻት ማለት ይቻላል።

«ዘንድሮ ለምን ጠፋች?» አለች። «በበጋ አንድ ቀን ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም።»

ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። ከተማው ሁሉ አውቆት፣ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ያን ማታ ነገርኳት፤ ምልክቱን ሳላጠፋ መተዌን፣ በዓይን ነው የማውቃት ማለቴን፣ ፎጣዎቹን አጣጥፌ መጨረሴን፣ ሁሉንም። ሹካዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ አልተቆጣችም። ሳህኗን ወደፊት ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ እጆቿን አጣመረች።

«እነ ቤቭ አሁንም እዚያው ቤት ናቸው?» አለች።

«እዚያው ናቸው።»

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

«እኔ አደርስሻለሁ፣ በዚያ ዳሌሽ...»

«በአውቶቡስ ነው የምሄደው፣» አለች። «አንቺ እንዳትመጪ።»

«እሺ፣» አልኳት።